የጎደለ መዝገብ እንዴት ይሞላል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። እውነታቸውን ነው። ዳሩ ግን ተረቱ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የተጻፈው ራሱ ጎደሎ ቢሆንስ? ጸሐፊው ቸኩሎ ቢዘልስ? መዝገብ ቤቱስ ቢቃጠል? በዚህ መጠለያ ለምንኖር ሰዎች ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በመካከላችን ወታደር የነበረ አለ፤ መምህር፣ ነርስ፣ መካኒክ የነበረ አለ። ሥራውን እጁ ያውቀዋል። ይህን ሠርቻለሁ ብሎ የሚያሳየው ወረቀት ግን ወይ ከቤቱ ጋር ቀርቷል፣ ወይ በመንገድ ጠፍቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም በትክክል አልተጻፈለትም።

ስለዚህ ዛሬ አንድ የታሪክ ምዕራፍ እናነባለን። ይኸውም የአሜሪካ ወታደሮች የጎደለ ሜዳያቸውንና ሥልጠናቸውን በመዝገብ ለማስገባት ያደረጉት ረጅም ሙግት ነው። የእነርሱን የመረጥነው ብዙ ጸሐፊና ብዙ መዝገብ ቤት ያለው ሀብታም አገር እንኳ እንዴት እንደሚሳሳት፣ ከዚያም ስሕተቱ በምን መንገድ እንደሚታረም ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። በመጨረሻ ወደ ራሳችን ዘማቾች፣ ወደ ቃኘው እንመጣለን። ዓመታቱ ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀቱና ጸሐፊው

አንድ የአሜሪካ ወታደር ከአገልግሎት ሲሰናበት የስንብት ወረቀት ይሰጠዋል። ከ1950 ጀምሮ ይህ ወረቀት «ዲዲ 214» ይባላል። ወታደሩ መቼ እንደገባና እንደወጣ፣ ምን ማዕረግ እንደደረሰ፣ በምን ሙያ እንዳገለገለ ይዘረዝራል። ለሜዳይና ለኒሻን አንድ ሳጥን አለው። ለተማረው ወታደራዊ ትምህርትም ሌላ ሳጥን አለው፤ የኮርሱ ስም፣ የፈጀው ሳምንትና የተፈጸመበት ወር ይጻፍበታል።

እነዚህ ሳጥኖች ለጌጥ የተሠመሩ አይደሉም። የቆሰለ ወታደር የሚሸለመው ሜዳይ «ፐርፕል ሃርት» ይባላል። በሳጥኑ ውስጥ ከተጻፈ ሰውየው በጦር ሜዳ ለመቁሰሉ ማስረጃ ነው፤ ሕክምናና የአካል ጉዳት አበል ሲጠይቅ ይደግፈዋል። የሞተር ጥገና ወይም የሕክምና ረዳትነት ኮርስ ከተጻፈ ደግሞ ሰውየው ለአሠሪ የሚያሳየው የሙያ ምስክር ያገኛል። ካልተጻፈ ግን የተማረውን እንዳልተማረ፣ የቆሰለውን እንዳልቆሰለ ይቆጠራል።

ታዲያ ሳጥኑ እንዴት ባዶ ይቀራል? አብዛኛውን ጊዜ በተንኮል አይደለም። ጸሐፊው የሚገለብጠው ከወታደሩ የግል ማኅደር ነው፤ በማኅደሩ ያልገባ ወረቀት በስንብቱ ላይ አይወጣም። ሜዳዩ የጸደቀው ወታደሩ አገሩ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። የቆሰለ ሰው ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዛወር ጦሩ ወደፊት ይሄዳል፤ ማኅደሩም ከኋላ ይቀራል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያልቅ በጥቂት ወራት ውስጥ ሚሊዮኖች ተሰናብተዋል። ከጸሐፊው ጠረጴዛ ፊት የተሰለፈ ወታደር ሐሳቡ ሁሉ እናቱ ቤት ነው፤ ሳያነብ ፈርሞ ይሄዳል። ጉድለቱን የሚያየው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሲታመም ወይም ሲያረጅ ነው።

የሄንሪ ጆንሰን መዝገብ

ለዚህ ትልቁ ምሳሌ ሄንሪ ጆንሰን ነው። ጆንሰን በአልባኒ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሻንጣ ተሸካሚ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ369ኛው ሬጅመንት ጋር ወደ ፈረንሳይ ዘመተ። የአሜሪካ ጦር በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር ለይቶ ያሰልፍ ስለነበር ይህ የጥቁሮች ሬጅመንት በፈረንሳዮች ትእዛዝ ሥር እንዲዋጋ ተሰጠ። በሜይ 1918 አጋማሽ፣ በአንድ ሌሊት፣ ጆንሰንና ጓዱ ኒድሃም ሮበርትስ ዘብ ቆመው ሳሉ ቢያንስ 12 የሚሆኑ ጀርመኖች ደረሱባቸው። ሮበርትስ ክፉኛ ቆሰለ፤ ጠላትም ማርኮ ሊወስደው ጎተተው። ጆንሰን በጠመንጃው ሰደፍ፣ በኋላም በቢላዋ ተዋግቶ ጓዱን አስጣለ። በሰውነቱ ላይ 21 ቁስል ተቆጠረ።

ፈረንሳይ ከፍ ያለ የጀግና ሜዳይዋን፣ «ክሯ ደ ጌር» የተባለውን፣ ሰጠችው። የገዛ አገሩ የስንብት መዝገብ ግን ስለ ቁስሉ አንድም ቃል አልያዘም። ከአገሩ ጦር አንድ የጀግና ሜዳይ ሳያገኝ በ1929 ሞተ። በአልባኒ በድሆች መቃብር ተቀብሯል ሲባል ኖሮ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ በታላቁ የአርሊንግተን የጦር መቃብር እንደተቀበረ ታወቀ። እዚያ የተመዘገበው ዊልያም ሄንሪ ጆንሰን በሚል ሙሉ ስም ነበር። አንድ ተጨማሪ ስም የአንድን ሰው መቃብር ለሰባ ዓመት ያህል መሰወር እንደሚችል እናስተውል።

ከዚያ በኋላ መዝገቡ በሦስት ደረጃ ተሞላ። በ1996 ፐርፕል ሃርት ተሰጠው። በ2002 በማዕረግ ሁለተኛ የሆነው የጦሩ የጀግና መስቀል ተፈቀደለት። የመጨረሻው ደረጃ፣ «ሜዳል ኦፍ ኦነር» የሚባለው ከሁሉ የሚበልጠው ሜዳይ፣ ቀኑ አልፏል በሚል ሕግ ተይዞ ቆየ። ነገሩን ያንቀሳቀሰው በ2011 ከአሮጌ ሰነዶች መካከል የወጣ ጽሑፍ ነው። የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፐርሺንግ ከውጊያው ጥቂት ቀን በኋላ የጻፉት መልእክት ሲሆን፣ የጆንሰንን ሥራ የሚያወሳ ነው። ምክር ቤቱ የጊዜ ገደቡን በሕግ አነሣ፤ በጁን 2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሜዳዩን ሰጡ። ከውጊያው 97 ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ማስረጃው ከ1918 ጀምሮ አለ፤ የነበረው ግን በጆንሰን ማኅደር ሳይሆን በሌላ ማኅደር ነው።

እሳቱ

ከጸሐፊ ስሕተት የከፋ ነገርም መጣ። ጁላይ 12 ቀን 1973፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ቀን 1965፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በሴንት ሉዊስ አጠገብ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት በእሳት ተያያዘ። ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ነው። እሳት ሲነሣ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ በመዛግብቱ አዳራሽ አልተተከለም ነበር። ስድስተኛው ፎቅ 22 ሰዓት ያህል ከቁጥጥር ውጭ ነደደ፤ ፈጽሞ ጠፋ የተባለው በአምስተኛው ቀን ነው። የእሳቱ መነሻ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሳይረጋገጥ ቀርቷል።

ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደር ማኅደሮች ወደሙ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት መካከል ከመቶው የ80ው፣ ከ1947 እስከ 1964 ከአየር ኃይል ከተሰናበቱትና ስማቸው በፊደል ተራ «ሀባርድ» ከሚለው በኋላ ከሚመጣው ደግሞ ከመቶው የ75ቱ መዝገብ ጠፋ። ማኅደሮቹ በፊደል ተራ ተደርድረው ስለነበር የአንዱ የአየር ኃይል ወታደር ታሪክ ተርፎ የሌላው አመድ የሆነው በአባቱ ስም ፊደል ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግልባጭ አለመኖሩ ነው። በፊልምም አልተነሣም፤ ምን ምን እንደነበረ የሚናገር ዝርዝር እንኳ አልነበረም። ሁለት ታላላቅ ጦርነቶችንና የኮሪያን ጦርነት የያዘ ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ቅጂ ተቀምጦ ነበር።

ከአመዱ ውስጥ

መዝገብ ቤቱ ተስፋ አልቆረጠም። ውሃ የነካውና ዳር ዳሩ የተቃጠለው ወረቀት ተለቅሞ ሻጋታ እንዳይበላው መድኃኒት ተረጨበት። ከዚያም የሕዋ ተጓዦች መሣሪያ ወደሚሞከርበት አየር አልባ ክፍል ተወስዶ ደረቀ። በዚህ አኳኋን ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ማኅደር በሙሉም ሆነ በከፊል ዳነ።

የቀረውስ? ለእኛ ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። አንድ ወታደር በአንድ ማኅደር ውስጥ ብቻ አይኖርም። ደመወዝ ተከፍሎታል፤ ስለዚህ የገንዘብ መሥሪያ ቤቱ የመጨረሻ ክፍያውን ሰነድ ይዟል። በየማለዳው በሻምበሉ ውስጥ ማን እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደቆሰለ የሚገልጽ የጧት ሪፖርት ይጻፍ ነበር። ለምልመላ ሲጠራ በቀበሌው ተመዝግቧል። ሆስፒታል ተኝቷል፤ በ1988 ለመዝገብ ቤቱ የደረሱት የጦሩ ሕክምና ክፍል ቴፖች የሚሊዮኖችን የሆስፒታል ቆይታ ይዘው ተገኙ። በየትምህርት ቤቱ የምሩቃን ዝርዝር አለ። በየቤቱ ደግሞ እናት ያስቀመጠችው ደብዳቤ፣ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ፣ የሥልጠና የምስክር ወረቀት አለ። ጸሐፊዎቹ ይህን ቁራጭ ከዚያኛው እያገጣጠሙ ስንት ሚሊዮን ሰው ማን እንደነበረ እንደገና አስረዱ። ዋናው ማኅደር ቢቃጠልም የሥራው ዱካ በሌላ ቤት ተርፎ ነበር።

የማረሚያው ሸንጎ

ማስረጃው ሲገኝ የሚያርመው ማን ነው? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የአንድ ወታደር መዝገብ እንዲስተካከል ከተፈለገ የምክር ቤት አባል ለዚያ ሰው ብቻ የተለየ ሕግ ማቅረብ ነበረበት። ሰው ያለው ይሰማለት ነበር፤ ሰው የሌለው ይቀር ነበር። የ1946 ሕግ ይህን ከልክሎ መዝገብ የሚያርም የሲቪል ቦርድ መንገድ ከፈተ። ሲቪል መሆናቸው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ስሕተቱን የሠራው መሥሪያ ቤት የራሱ ዳኛ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጉድለቱ ቀላል ከሆነ፣ ለምሳሌ በማኅደሩ ውስጥ ትእዛዙ እያለ በስንብቱ ላይ ያልተገለበጠ ሜዳይ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያርመዋል። ከዚያ ካለፈ አመልካቹ «ዲዲ 149» የሚባለውን ማመልከቻ ሞልቶ ወደ ቦርዱ ይልካል። ወታደሩ ሞቶ እንደሆነ ባልቴቱ ወይም ወራሹ የሞት ማስረጃ አያይዘው ማመልከት ይችላሉ። ስሕተቱ ከታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ማመልከት ይገባል፤ ሆኖም ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ካገኘው ቦርዱ ይህን ገደብ ሊያልፈው ይችላል።

ሸክሙ ግን በአመልካቹ ትከሻ ላይ ነው። ቦርዱ የሚጀምረው «መዝገቡ ትክክል ነው» ብሎ ነው፤ ስሕተት ነው የሚለው ሰው ማስረዳት አለበት። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በአገራችን የጥንት ችሎትም ከሳሽ ምስክሩን ይዞ ነበር የሚቆመው። በቦታው የነበረ ጓድ «አይቻለሁ» ብሎ በመሐላ የሚሰጠው ቃል ይደመጣል፤ ቀንና ቦታ ሲጠቅስ፣ እንዴት እንዳወቀ ሲናገር የበለጠ ይታመናል። «ጎበዝ ሰው ነበር» የሚል ምስጋና ግን ለባለጉዳዩ ብዙ አይፈይድለትም።

ቦርዱ ሲፈቅድ ብዙ ጊዜ «ዲዲ 215» የሚባል የማረሚያ ወረቀት ይወጣል። የቀድሞው ወረቀት አይፋቅም፤ አዲሱ ከጎኑ ይያያዛል። የብራና ጸሐፊዎቻችንም የዘለሏትን ቃል በመስመሩ ላይ ወይም በኅዳጉ አግብተው ያርሙ ነበር። አንባቢው የመጀመሪያውንም ጽሑፍ እርማቱንም አብሮ ያያል።

ከብዕር ስሕተት የባሰ

ሁሉም ጉድለት የብዕር ስሕተት አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥቁር አሜሪካውያን አገልግለዋል። ከፍተኛው ሜዳይ ለአራት መቶ ለሚበልጡ ሰዎች ሲሰጥ ከእነርሱ መካከል አንድም ጥቁር አልነበረም። ይህን ጸሐፊ ቸኩሎ ዘለለው አይባልም፤ መጻፍ ያልፈለገ ሥርዓት ነው የዘለለው። በ1990ዎቹ ጦሩ ጉዳዩን በሾው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስጠና። በጃንዋሪ 1997 ሰባት ሰዎች ከፍተኛውን ሜዳይ ተሸለሙ። በሕይወት ቆይቶ የተቀበለው በ1945 በኢጣልያ የተዋጋው ቬርነን ቤከር ብቻ ነበር። ለስድስቱ ወገኖቻቸው ተቀበሉላቸው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ጉድለት አለ ማለት ነው። አንደኛው በቅጽና በምስክር ይሞላል። ሁለተኛው ግን አንድ ሰው ብቻውን የሚሞላው አይደለም፤ ብዙ ሰው አብሮ መጠየቅ፣ የተማሩ ሰዎችም መመርመር አለባቸው።

ወደ ቃኘው ስንመለስ

የእኛም ሰዎች በዚያው ጦር መዝገብ ውስጥ አልፈዋል። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በኮሪያ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ውስጥ ተሰልፈው ተዋጉ። በጦርነቱ ዘመን ከሦስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በየተራ ዘመቱ፤ ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከአምስት መቶ በላይ ቆሰሉ። በ1968 በኮሪያ ቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ሲቆምላቸው ንጉሠ ነገሥቱ በሥፍራው ተገኝተው መረቁት።

በ1974 ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ወታደራዊው መንግሥት ሲቆም ነገሩ ተለወጠ። አገሪቱ የሰሜን ኮሪያ ወዳጅ ሆነች። በንጉሡ ዘመን በደቡብ ኮሪያ ተዋግቶ የተገኘ ሜዳይ ደረት ላይ የሚንጠለጠል መሆኑ ቀርቶ በሣጥን ሥር የሚደበቅ ሆነ። በአዲስ አበባ ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመው በ2006 ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ አልፈው ነበር። ሆኖም ሥራቸው የተጻፈው በአንድ አገር ወረቀት ብቻ ስላልነበረ አልጠፋም፤ አንዱ መንግሥት ዝም ሲል የሌላው ማኅደር ይናገር ነበር።

በውጭ አገር መዝገብ ውስጥ የእኛን ሰው መፈለግ የራሱ ፈተና አለው። ፈረንጅ በቤተሰብ ስም ይመዘግባል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባቱ ስም ወልደ ማርያም የሆነ ሰው በአንዱ ማኅደር በ«ወልደ»፣ በሌላው በ«ማርያም» ሥር ይገባል። «ጸ» እና «ቀ» የላቲን ፊደል ስለሌላቸው ጸሐፊው እንደ ጆሮው ይጽፋቸዋል። የትውልድ ዓመት ደግሞ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል። ስለዚህ «የለም» የሚል መልስ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ «በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም» ማለት ነው።

ለእኛ የሚተርፈን

አንደኛ፣ ወረቀት ዝም ስላለ ነገሩ አልተደረገም ማለት አይደለም። ይህን ለራሳችን ልንነግረው ይገባል። በመካከላችን የስንብት ወረቀቱን በገዛ እጁ ያቃጠለ ሰው አለ፤ በአንዱ አገር ጡረታ የሚያስገኝ ወረቀት በሌላው ኬላ ላይ ያስገድላልና። ያ ሰው ወረቀቱን አጠፋ እንጂ ሥራውን አላጠፋም።

ሁለተኛ፣ ከዋናው ማኅደር ይልቅ ዱካውን እንፈልግ። ደመወዝ የከፈለ፣ ያከመ፣ ያስተማረ፣ አብሮ የሠራ ማን ነው? ዛሬስ የት ነው? ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ ምስክሩም ሳያልፍ፣ ስሙን፣ ክፍሉን፣ አዛዡን፣ የኮርሱን ስም፣ ወሩንና ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር እንጻፍ። ስማችን የተጻፈባቸውን የተለያዩ ፊደሎች ሁሉ እንዘርዝር። በአንድ ቅጂ አንተው፤ አንዱ ከእኛ ዘንድ፣ ሌላው በሌላ ቦታ ካለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ እርማት ማለት ጭማሪ ማለት አይደለም። ያልተዋጋ ተዋጋሁ፣ ያልተማረ ተማርኩ ሲል የሚጎዳው እውነተኛውን ነው፤ ቦርዱ ሁሉንም እንዲጠራጠር ያደርጋልና። የሠራነውን ያህል ብቻ እናስጽፍ።

አራተኛ፣ በእጃችን ያለውን መዝገብ እንይ። በመመዝገቢያ ወረቀታችን ላይ ስማችን፣ ዕድሜያችን ወይም የልጆቻችን ቁጥር ተሳስቶ እንደሆነ ዛሬውኑ እናመልክት። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በ2015 ባወጣው የግል መረጃ ጥበቃ መመሪያ፣ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን የመጠየቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት እንዳለው ደንግጓል። እንደ ጆንሰን 97 ዓመት የሚጠብቅ ሰው የለም፤ እርሱም ቢሆን አልጠበቀም፤ የደረሰው ለመቃብሩ ነው።

ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወጣቶች በየመደዳቸው ካሉ አዛውንቶች ጋር ይቀመጡ። አዛውንቱ ይናገሩ፤ ወጣቱ ይጻፍ፤ የሰማ ጎረቤትም ካለ በምስክርነት ይፈርም።